ከኬሻው ያመለጠው

ይህን የምመሰክረው በክረምት ሌሊት ከዘር ኬሻ አጠገብ ለሚተኛ ሰው ነው። እኔ እንዲህ ባለ ቤት ተኝቼ ነግቶልኛል። ታናሽ ወንድሜ አልነጋለትም። የሆነውን ሁሉ ሰው “መድኃኒቱ ነው” ብሎ ባንድ ቃል ይዘጋዋል። እውነት ነው፣ መድኃኒቱ ነው። ግን መድኃኒቱ ከተቀመጠበት ወጥቶ ወንድሜ ዘንድ የደረሰበት መንገድ አለ፤ ስለዚያ መንገድ የሚናገር ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

እኛ የምንጃር ሰዎች ነን። ምንጃር ማለት ጤፍና ሽምብራ ማለት ነው። ሽምብራ እንደሌላው እህል ከዝናቡ ጋር አይዘራም። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም፣ መረሬው አፈር ያቋጠረውን እርጥበት ተማምኖ ይዘራል። የሚሰበሰበው በጥርና በየካቲት ነው። እንግዲህ ዘሩ ከአውድማ ተነሥቶ ተመልሶ መሬት እስኪገባ ድረስ የበጋውን ትራፊና ክረምቱን በሙሉ ቤት ውስጥ ይከርማል ማለት ነው። ሌላው ዘር በሰኔና በሐምሌ ከቤት ሲወጣ የሽምብራ ዘር ገና እዚያው ነው። ነቀዝ የሚወደው ደግሞ ይህንኑ ጊዜ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ እርጥብ፣ በሩ የተዘጋ ቤት።

አባዬ የሚዘራው ነጩን ሽምብራ ነበር። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች አንዱ በወረዳችን ከተማ ስም “አረርቲ” ይባላል፤ ፍሬው ነጣ ብሎ ተለቅ ይላል፣ ገበያ ላይም ከድሮው ሽምብራ የተሻለ ያወጣል። አባዬ ከአውድማው ላይ ለዘር የሚሆነውን አበጥሮ፣ የተሰበረውንና የተጨማደደውን አስለቅሞ ለብቻው ያስቀምጥ ነበር። ለራሱ ብቻ አልነበረም። መስከረም ሲጠባ ዘር ያነሰው ጎረቤት ወደ እኛ ይመጣል፤ አንዱ ይገዛል፣ ሌላው ይበደራል። የቤታችን ክብር እዚያ ኬሻ ውስጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሌባ ስለሚፈራ ዘሩ የሚቀመጠው መኝታ ቤታችን ውስጥ፣ ከመደቡ ራስጌ ተደርድሮ ነው።

በአያቴ ጊዜ ዘር የሚያድረው በጎታ ነበር። ጎታው ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ በእበት የተለቀለቀ፣ አፉ ተከድኖ በጭቃ የተመረገ ነው። አያቴ ሽምብራውን በአመድ አሽታ ነበር የምታስገባው። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ከጤፍ ጋር ትቀላቅለዋለች፤ ጤፉ በፍሬና በፍሬ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላና ነቀዙ መላወሻ ያጣል። ጎታው እያረጀ ሲሰነጠቅ፣ ቤቱም ቆርቆሮ ሲለብስ፣ ቦታውን ለኬሻ ለቀቀ። ኬሻ በትከሻ ይነሣል፣ በአህያ ይጫናል፣ ማዳበሪያ የተገዛ ዕለት አብሮ ቤት ይገባል። የፕላስቲክ ክር ሽመና ነው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ላየው ሰው በክሮቹ መካከል ሰማዩ ይታያል።

አሥረኛ ክፍል የጨረስኩበት ክረምት ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አባዬ አንዱን ኬሻ ፈትቶ እጁን ሲያስገባ ሽምብራው ሞቆ አገኘው። አፍሶ ወደ በሩ ወጣና መዳፉን ዘረጋ። ፍሬዎቹ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ተለጥፈዋል፤ እንቁላሎቹ ናቸው። ከፊሎቹ ፍሬዎች በመርፌ የወጉዋቸው የሚመስል ክብ ቀዳዳ አላቸው። ከነጥቡ ሥር ትሏ ፍሬውን ሰርስራ ትገባለች፤ ውስጥ ውስጡን በልታ አድጋ፣ ክንፍ አውጥታ፣ በዚያ ክብ ቀዳዳ ትወጣለች። ሙቀት ካገኘች አንድ ወር ገደማ ይበቃታል። ቀዳዳው እስኪታይ ድረስ ፍሬው ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። አባዬ ምንም አላለም። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር፤ በጠዋት ወጣ።

ማታ ሲመለስ በቁራጭ ጋዜጣ የተጠቀለሉ ክኒኖች ይዞ ነበር። ሻጩ “በየኬሻው ጣል ጣል አድርግና አፉን እሰር” ብሎታል። ሌላ ነገር አልነገረውም። እነዚህ ክኒኖች አልሙኒየም ፎስፋይድ ይባላሉ። ከፋብሪካ የሚወጡት አየርና እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ታሽገው ነው፤ ዕቃው ላይ የራስ ቅል ሥዕል አለ፣ ሰው በሚያድርበት ቤት እንዳይገቡ የሚከለክል ጽሑፍም አለ። እንዲህ የሚታሸጉት እርጥበት ከነካቸው ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጡ ነው። ሦስት ግራም የምትመዝን አንዲት ክኒን አንድ ግራም ፎስፊን ትለቃለች። አባዬ እጅ ሲገቡ ግን ዕቃውም ሥዕሉም ጽሑፉም ቀርቷል፤ የቀረው ጋዜጣው ነው። አባዬ ማንበብ ይችላል። የሚነበብ ነገር ግን አልሰጡትም።

ኬሻዎቹን ፈትቶ፣ ክኒኖቹን ጨምሮ፣ አፋቸውን በሲባጎ ጠፍሮ አሰረ። ሌሊቱን ዝናብ ነበር፤ በሩንም መስኮቱንም ዘግተን፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፈን ተኛን። ታናሽ ወንድሜ በእኔና በኬሻዎቹ መካከል ነበር። ብርድ ስለሚፈራ እዚያ ጥግ መተኛት ይወድዳል። እማዬና አባዬ በሩ አጠገብ ነበሩ።

የነቃሁት ወንድሜ ሲያስመልሰው ነው። ቤቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እማዬም “የራት ወጡ ነው” አለች፤ ሽንኩርት ከትፋ ነበርና ማንም አልተጠራጠረም። ትንሽ ቆይቶ እኔንም አስመለሰኝ። ደረቴን የሆነ ነገር ተጭኖኛል፤ አየር እስባለሁ፣ ግን የሳብኩት አይጠቅመኝም። ይህን ስሜት ከዚያ በኋላ ለብዙ ሐኪሞች ነግሬያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አነጋገር አላገኘሁለትም። ልቤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ የጠፋ ይመስላል። አባዬ ተነሥቶ ኩራዝ ለኮሰና ወንድሜን አቀፈው። ላብ አጥምቆታል፣ እጁና እግሩ ቀዝቅዟል።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ምች ነው አለ፤ ሌላው የበሉት ነገር ነው፣ ወተት አጠጧቸው አለ። ጠበል የረጨን ሰውም ነበር። ሁሉም ሊያድነን ነው የመጣው። በሩ ሲከፈት አየሩ ስለተቀየረ ለእኔ ቀለል አለኝ፤ ዛሬ ሳስበው ያተረፈን ያ የጎረቤት ግርግር ይሆናል እላለሁ። ለወንድሜ ግን መሽቶበት ነበር። በክረምት የእኛ አገር መረሬ ባጃጅ አያሳልፍም፤ እግር እንኳ ከነጫማው ይውጣል። በቃሬዛ ተሸክመውን ወደ ጥርጊያው መንገድ ሲወጡ ዝናቡ አላቆመም። ወንድሜ መኪና ወዳለበት ሳንደርስ ዐረፈ። ከኋላ ያለው ቃሬዛ ላይ ነበርኩ፤ የፊተኞቹ ሲቆሙ አየሁ፤ ለምን እንደቆሙ ማንም አልነገረኝም።

ጤና ጣቢያው ላይ የተቀበለን ወጣት ጤና መኮንን ስለ ራታችን ጠይቆ አልቆመም። “ቤት ውስጥ ምን አስገብታችኋል? ለትኋን፣ ለነቀዝ፣ ለአይጥ የሚሆን?” አለ። አባዬ ከኪሱ ጋዜጣውን አውጥቶ ሰጠው። መኮንኑ አሸተተውና ወዲያው አራቀው። ይህ መርዝ ማርከሻ የለውም። ፎስፊን የሰውነት ሕዋስ ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግዳል፤ ልብንና ሳንባን ይመታል፤ ሐኪም ማድረግ የሚችለው ኦክስጅን መስጠት፣ የደም ግፊቱን መደገፍና ልቡን መጠበቅ ነው። ከዚያ ወደ አዳማ ወሰዱኝ። ያቺን ሌሊት አንዲት ነርስ የልብ ምቴን ከሚያሳየው ማሽን አጠገብ ወንበር ስባ ቁጭ ብላ አነጋችልኝ። ስሟን ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ቤት ስመለስ ወንድሜ ተቀብሯል። ከሐዘኑ ጋር አብሮ የጠበቀን ሌላ ነገር ነበር።

አጎቴ ኬሻዎቹን አንድ በአንድ ወደ ሜዳ አውጥቶ ፈትቷቸው ነበር። አፉን በነጠላ ሸፍኖ ራቅ ብሎ ቆይቶ ሲመለስ፣ ነቀዙ በሽምብራው ላይ ይሄዳል። ከላይ ያለው ከፊሉ ሞቷል፤ ከመሃል በእንጨት ሲያገላብጠው ግን በሕይወት ያለው ይርመሰመሳል። ፍሬው ውስጥ ያለችውማ ገና ነች። አጎቴ ይህን ሲነግረኝ አጠገባችን የነበሩት ሰዎች “እንዲህ ያለ መርዝ ሕፃን ገድሎ ነቀዝ ይተዋል?” እያሉ ይገረሙ ነበር። እኔም በዚያ ዕድሜዬ ተአምር መሰለኝ። ተአምር አልነበረም። ጋዙ ነቀዝ የሚገድለው ለቀናት ታፍኖ ከእህሉ ጋር ሲቆይ ነው፤ በተለይ ፍሬው ላይ ያለው እንቁላልና ፍሬው ውስጥ ያለው ሙሽሬ፣ ማለትም ክንፍ ለማውጣት የተቃረበው ትል፣ እንዲሞት። ኬሻው ግን አይዘውም። አባዬ አፉን ምንም ቢያጠብቀው፣ ጎኑ በሙሉ ቀዳዳ ነው። ጋዙ ከሽምብራው ውስጥ ወጥቶ ወደ መደቡ ሄደ። ነቀዙ የተረፈውና ወንድሜ የሞተው በአንድ ምክንያት ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አጎቴ ከኬሻዎቹ መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ሲፈታው ሩቡ እንኳ አልበቀለም። ነቀዝ የበላው ሽምብራ ይከካል፣ ሽሮ ይሆናል፤ ዘር ግን አይሆንም፤ ትሏ ሽሉን ስትነካው አለቀ። መስከረም እየገባ ነበር። ስንት ዓመት ለሰው ዘር ያበደረ ቤት ዘር ፈላጊ ሆነ። ያበደርናቸው ሰዎች ናቸው ይዘው የመጡት፤ አንዱ በቁና፣ አንዱ በእንቅብ። ማሳውንም እነርሱ በደቦ አርሰው፣ እነርሱ ዘሩልን። አባዬ በዚያ ዓመት ማሳው ጋ አልሄደም።

ስለ አባዬ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሰው በልቡ የሚያስበውን አውቃለሁ፤ በዚያ ሰሞን የሚንሾካሾከውንም ሰምቻለሁ። አባቴ ዘሩን ሊያድን፣ ዘሩን ሲያድን ደግሞ እኛን ሊያበላ ያደረገውን ነው ያደረገው። ከማሸጊያው የወጣ መርዝ ጋዜጣ ውስጥ አድርጎ የሸጠ ሰው አለ። በዚያ ገበያ ይህን አይቶ ያለፈ ሹምም አለ። ክኒኑን ሠልጥኖ የሚጠቀም ባለሙያ እህሉን ጋዝ በማያሳልፍ ሸራ ከድኖ፣ ዳርቻውን ዘግቶ፣ ሰው በማያድርበት መጋዘን ነው የሚሠራበት። ይህ ሁሉ ለገበሬው ሳይነገረው ክኒኑ ብቻ ተሸጠለት። አባቴን በዚህ የሚከስ ሰው በፊቴ እንዳይናገር።

እኔ በኋላ እርሻ ተማርኩ። ሌላ ነገር ልማር አልቻልኩም፤ ሐሳቤ ሁልጊዜ ወደዚያ ኬሻ ይመለሳል። ሦስት ንብርብር ያለውን ከረጢት መጀመሪያ ያየሁት በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። ውጩ ያው እኛ የምናውቀው ኬሻ ነው። ውስጡ ግን ሁለት ወፍራም ላስቲክ አለው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ። ባለሙያው የውስጠኛውን ላስቲክ በደረቀ ሽምብራ ሞላው፤ አየሩን በእጁ ጨምቆ አስወጣ፤ አንገቱን ጠመዘዘ፣ አጠፈ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ኬሻውን። “መድኃኒቱስ?” አለ አንድ ገበሬ። “መድኃኒት የለውም” አለ። ከክፍሉ ወጥቼ ብዙ ቆይቼ ነው የተመለስኩት።

የከረጢቱ ነገር ይህ ነው። ነቀዙ እንደማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ይተነፍሳል። ታሽጎ ሲዘጋበት በውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ራሱ ይጨርሰዋል። ኦክስጅኑ ከ5 በመቶ በታች ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ ነቀዝ የሚያስፈልገውን ውኃም የሚያገኘው የበላውን በኦክስጅን አቃጥሎ ስለሆነ ያ ሲቋረጥበት ደርቆ ይሞታል። መርዝ አልገባም፤ ስለዚህ የሚያመልጥ ነገር የለም። ሰው አጠገቡ ቢተኛ ምንም አይሆንም። ይህ ዘዴ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ ከካሜሩን ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምረው ካውፒ የሚባለውን ጥራጥሬ ለሚያመርቱ ገበሬዎች ሲሉ ያበጁት ነው፤ ፒክስ የሚባለው ከረጢት ከዚያ የመጣ ነው። የካሜሩን ካውፒ ነቀዝና የእኛ ሽምብራ ነቀዝ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ወንድሜ ሲሞት ከረጢቱ በዓለም ላይ ነበር። እኛ ቀበሌ አልነበረም።

ከረጢቱ ብቻውን አይበቃም። በዚህ ላይ ጨክኜ ነው የምናገረው፤ ተስፋ የተደረገበት ዘር ታሽጎ ሲሻግት አይቻለሁና። ዘር ይተነፍሳል። እርጥብ ሆኖ ከታሸገ ራሱን ያፍናል፤ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ሽሉ ይሞታል። ስለዚህ መጀመሪያ በሸራ ላይ በደንብ ይሰጣ። ለመለየት መሣሪያ ባይኖር ደረቅ ጠርሙስና ደረቅ ጨው ይበቃል፤ ሽምብራውን ከጨው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሮ መነቅነቅና ማስቀመጥ። ጨዉ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ዘሩ ገና ነው። የዘር ባለሙያዎች የሚስማሙበት አንድ ሕግ አለ፤ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ሐረርጌ ውስጥ ማሽላ በጉድጓድ የሚያከማቹ ገበሬዎች አሉ፤ ጉድጓዱ ከነቀዝም ከሌባም ያድናል፣ እርጥበቱና ሙቀቱ ግን ብቅለቱን ስለሚገድል የዘሩን ለይተው ከጉድጓዱ ውጭ ያስቀምጡታል። ያ ጥበብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ የሚበላና የሚዘራ እህል አንድ እንዳልሆነ ከማንም በፊት ያወቁ ሰዎች ናቸው።

አዲስ አበባ ያለውን የእህል ዘር ባንክም አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ ነው። ዘሩን አድርቀው በአልሙኒየም በተለበደ ከረጢት ያሽጉትና ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ያስቀምጡታል። እዚያ መደርደሪያ ፊት ቆሜ፣ ያን የሚያብረቀርቅ ከረጢት ሳይ፣ አንድ ነገር አንገበገበኝ። አገሪቱ ዘርን ለትውልድ በምን ማሸግ እንዳለባት ታውቃለች። ያንን ዘር ሺህ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲያስተላልፍ የኖረው ገበሬ ግን ለአንድ ክረምት እንኳ የሚሆን ከረጢት እጁ አልገባም።

አሁን ነገሩ ተሻሽሏል ቢባል ሐሰት አይደለም። በብዙ ወረዳዎች ባለ ላስቲኩ ከረጢት ይሸጣል። አባዬም ይጠቀምበታል። መጀመሪያ ይዤለት የሄድኩ ቀን ላስቲኩን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ቀዳዳ እንደሌለው ለረዥም ጊዜ ሲመለከት ቆየ፤ ከዚያ አፉን ይዞ ነፋውና ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። ማንም አላስተማረውም። ዛሬ ሲያስር ሰው አያስነካም። ከግድግዳው አርቆ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ርብራብ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ላስቲኩን አይጥ ከበሳችው ከንቱ ነውና። መስከረም ላይ ሲፈታው ሽምብራው የካቲት እንደገባ ነው፤ ጎረቤትም እንደገና ወደ እኛ መምጣት ጀምሯል።

ግን ከረጢቱ ከተራው ኬሻ ብዙ እጥፍ ይወደዳል። የሚያስፈልገው በየካቲት ከአውድማ ማግስት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሱቅ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ፍሬው አንዴ ከተበሳ ደግሞ ከረጢቱ ቀዳዳውን ሊደፍን አይችልም። ክኒኑ ግን በእጅ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ሁልጊዜ አለ። ባለፈው ክረምት ገበያ ስዞር ያለ ማሸጊያው፣ በፌስታል ተቋጥሮ፣ ከሻማና ከክብሪት ጎን ተቀምጦ አይቼዋለሁ። ሻጯ ልጅ እግር ናት። ምን እንደሆነ ነገርኳት፤ “ሁሉም እኮ ይሸጣል” አለችኝ። የግብርናው ሰው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያቀርብ ከረጢቱን አብሮ በዱቤ ቢያቀርብ፣ ክኒኑን ደግሞ ከሠለጠነ ባለሙያ እጅ ባያስወጣው፣ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለኝም። ይህን በየስብሰባው ተናግሬያለሁ፤ እናገራለሁ።

እስከዚያው ክኒኑ ቤቱ ያለ ሰው ዛሬውኑ ልጆቹን ይዞ ከዚያ ቤት ይውጣ፤ በርና መስኮቱን ይክፈት። ክኒኑን ውኃ አያስነካው፤ ውኃ ጋዙን ያባብሰዋል። በኬሻ ውስጥ የገባውን ባለሙያ ጠርቶ ያስወጣ እንጂ ማታ በኩራዝ ራሱ አይፍታ። ቤቱ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ከሸተተ፣ ሰውም ካስመለሰው፣ ወተትም ሎሚም ሳይፈለግ በሽተኛው ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ቃል ስለ ራት አይሁን። “ቤት ውስጥ የነቀዝ ክኒን ነበረ” ይበል።